ኪንታሮት ታክመው ቤት ለሚገቡ ሰዎች የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ማን ይንገራቸው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም ለናንተ ይሁን። ኮምቦልቻ ከተማ ፋርማሲ ውስጥ የምሠራ ባለሙያ ነኝ፣ የምጽፍላችሁ ደግሞ ሰው ጮክ ብሎ ስለማያወራው በሽታ፣ ስለ ፊንጢጣ ኪንታሮት ነው። አሁን አሁን ደሴም እዚህም ሆስፒታል ሳይተኙ ጠዋት ገብቶ ታክሞ ከሰዓት ቤት መግባት እየተለመደ መጥቷል፣ ይሄ በጣም ጥሩ ነገር ነው፣ ልቃወመው አይደለም የተነሳሁት። የተነሳሁት ሰዎቹ ታክመው ከወጡ በኋላ የሚመጣውን ማታና ማግስቱን ብዙዎቹ ሳይነገራቸው ስለሚሄዱ ነው። እሱ ሳይነገር ሲቀር ትንሽ የነበረው ሕመም ትልቅ ይሆናል፣ ሰውየው ይደነግጣል፣ ሐኪሙ የበደለው ይመስለዋል፣ ጎረቤቱን «እንዳትሞክረው» ይለዋል፣ ጎረቤቱም ቆዳ የሚያቃጥል መድኃኒት ወደሚቀባው ሰው ቤት ይሄዳል። እኔ ይሄን ከኮንተሩ ጀርባ ሆኜ በተደጋጋሚ ስለማየው ነው ዝም ማለት ያቃተኝ።

ኪንታሮት የያዘው ሰው ፋርማሲ ሲገባ ወዲያው ያስታውቃል። ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ግድግዳ ተደግፎ ይጠብቃል፣ ወንበር ብንሰጠውም አይቀመጥም፣ ከዛ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለወንድሜ ነው፣ የመቀመጫ ቅባት አላችሁ?» ይላል። ሹፌሩም፣ የፋብሪካ ሠራተኛዋም፣ አራሷም፣ አስተማሪውም እንደዛው ናቸው። ኮምቦልቻ ደግሞ የመኪና ከተማ ነች፣ ከአዲስ አበባ መጥቶ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌና ጅቡቲ የሚወርደው ከባድ መኪና በዚህ ያልፋል፣ ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ በሙቀት ተቀምጦ ይነዳል፣ መንገድ ላይ ሽንት ቤት ስለማያገኝ ብሎ ውሃ አይጠጣም፣ እንቅልፍ እንዳይጥለው ይቅማል። ጫቱ ሆድ ያደርቃል፣ ምግብም ይቀንሳል፣ ሽንት ቤት ሲገባ ማማጥ ነው፣ ይሄ ሁሉ ተደምሮ ፊንጢጣ ውስጥ ያሉትን የደም ስሮች ያሳብጣቸዋል። እርግዝናም እንደዛው ያደርጋል። ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም፣ ግን ሰው ስለሚያፍር ለዓመታት ደሙን እያየ ዝም ይላል፣ አንዳንዱ እኛ ጋ የሚመጣው ደም አንሶት ፊቱ ገርጥቶ ደረጃ መውጣት ሲያቅተው ነው።

አሁን ወደ ሕክምናው ልምጣ፣ ምክንያቱም አሠራሩን ያልተረዳ ሰው ሕመሙንም አይረዳውም። የውስጥ ኪንታሮት በአራት ደረጃ ይከፈላል፣ አንደኛው የሚደማ ግን የማይወጣ፣ ሁለተኛው ሲያምጡ ወጥቶ ራሱ የሚመለስ፣ ሦስተኛው በእጅ የሚመለስ፣ አራተኛው ጭራሽ የማይመለስ። ሳይተኙ ከሚሰጡት ሕክምናዎች በብዛት የሚሠራው በላስቲክ ማሰር ነው፣ ሐኪሞቹ ባንዲንግ ይሉታል፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ባሮን የሚባል አሜሪካዊ ሰርጀን ካስተዋወቀው ጀምሮ በየአገሩ ይሠራበታል። ታካሚው በግራ ጎኑ ይተኛል፣ ሐኪሙ በአጭር ቱቦ እያየ የኪንታሮቱን ሥር ስቦ ትንሽ የጎማ ቀለበት ያጠልቅበታል፣ ደም መሄዱ ይቆማል፣ ከአምስት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ያ ነገር ደርቆ ከነላስቲኩ ከሰገራ ጋር ይወድቃል። ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው፣ ማደንዘዣም ብዙ ጊዜ አያስፈልገውም። የማያስፈልግበት ምክንያት ፊንጢጣ ውስጥ አንድ መስመር ስላለ ነው፣ ከመስመሩ በላይ ያለው ሥጋ መወጋትና መቆረጥ አይሰማውም፣ ከመስመሩ በታች ያለው ግን የቆዳ ነርቭ ስላለው መርፌ ቢነካው ያስጮሃል። ላስቲኩ የሚታሰረው ከላይ ነው። በስህተት ዝቅ ብሎ ከታሰረ ታካሚው እዛው አልጋው ላይ እያለ ኃይለኛ የሚወጋ ሕመም ይሰማዋል፣ ያኔ «ቻለው» ሊባል አይገባም፣ ላስቲኩ እዛው መፈታት ነው ያለበት።

ግን ልብ በሉልኝ፣ ከላይ ያለው ሥጋ መወጋት ባይሰማውም መወጠርና መጫን ይሰማዋል። ስለዚህ ታካሚው ቤቱ ሲገባ የሚሰማው ቁስል ሳይሆን ከባድ የሆነ ነገር ውስጡ የተቀመጠበት ዓይነት ስሜት ነው፣ ሰገራ የመጣ ይመስላል፣ ይጫናል፣ ወገብ አካባቢ ይከብዳል፣ አንዳንዱን ያዞረዋል። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ቀን ነው የሚብሰው፣ በሁለት ሦስት ቀን ይቀንሳል። ይሄን ነው እንግዲህ ማንም የማይነግራቸው።

አንዲት እናት ነበሩ፣ በማግስቱ ጠዋት ልጃቸውን ተደግፈው መጡ። ደሴ አንድ የግል ክሊኒክ ታክመው ነው የመጡት፣ የመድኃኒት ማዘዣውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈተው ሰጡኝ፣ ዳይክሎፌናክ የሚባለው ማስታገሻ ብቻ ነው የተጻፈው። ፊታቸው ነጭ ሆኗል። «እማማ እንዴት አደሩ?» ስላቸው «አልሃምዱሊላህ ልጄ» አሉኝና ትንሽ ቆይተው ግን እንባቸው መጣ፣ «ሌሊቱን ሙሉ ሽንት ቤት ነው ያደርኩት፣ መጣ መጣ ይለኛል፣ እቀመጣለሁ፣ አምጣለሁ፣ ምንም የለም፣ ሊገለኝ ነው» አሉ። «የታሰረልዎት ላስቲክ ነው እማማ እንደዛ የሚያስመስለው፣ ሰገራ አይደለም» ስላቸው ቀና ብለው አዩኝ። «ደግሞ የምን ላስቲክ?» አሉ። ውስጣቸው ላስቲክ እንዳለ አያውቁም! የሠራው ሰው ሥራውን በደንብ ሠርቶ ሊሆን ይችላል፣ ላስቲኩ በትክክለኛው ቦታ ታስሮ ሊሆን ይችላል፣ ግን ሴትየዋ ሌሊቱን ሙሉ ሲያምጡ ያደሩት አንድ ዓረፍተ ነገር ስላልተነገራቸው ነው። «ዛሬ ማታ ሰገራ የመጣ ይመስልዎታል፣ አይደለም፣ አያምጡ፣ በጎንዎ ይተኙ፣ ነገ ተነገ ወዲያ ይለቅዎታል።» በቃ ይሄ ነው፣ ለመናገር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። እሳቸው ግን እስከዛሬ ስለዛ ሕክምና ሲጠየቁ «አይ እሱስ ስቃይ ነው» ነው የሚሉት፣ ሰፈራቸው ውስጥ ስንት ሰው እንደሰማቸው አስቡት።

በሌላ በኩል የማውቀው የከባድ መኪና ሹፌር አለ። እሱ የታሰረለት ሁለት ቦታ ነው፣ ሕመሙም ከእሳቸው ሳይብስ አይቀርም፣ ራሱ እንደነገረኝ ሁለት ቀን ቁጭ ብሎ አልበላም። ግን «እንዴት ነበር ጋሼ?» ስለው «ያማል ወንድሜ፣ መች አላመመኝ፣ ግን ቀድሞ ነግሮኛል፣ ዛሬ እንዲህ ትሆናለህ፣ ነገ እንዲህ ትሆናለህ፣ በሦስተኛው ቀን ይቀልልሃል አለኝ፣ ያለው ሁሉ ሆነ፣ ማታም ደውዬለት አንስቷል» አለኝ። ቀጥሎ ምን አደረገ መሰላችሁ፣ የመኪናውን ረዳት ይዞት ሄዶ አሳከመው። ሕመሙ የበዛበት ሰው ረክቷል፣ ሕመሙ ያነሰባቸው ሴትዮ አልረኩም። ስለዚህ ታካሚ ረካ አልረካም የሚያስብለው የሕመሙ መጠን ብቻ አይደለም፣ ሕመሙ ሲመጣ ሰውየው ምን እንደሆነ ማወቁና የሚደውልለት ሰው ማግኘቱ ነው። እኔ በዚህ ጉዳይ የምለው ዋናው ነገር ይሄ ነው።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ማስታወቂያዎቹ። «ያለ ምንም ሕመም፣ ያለ መኝታ፣ በአጭር ደቂቃ» የሚሉት። ያለ መኝታ እውነት ነው፣ በአጭር ደቂቃም እውነት ነው፣ ያለ ምንም ሕመም ግን እውነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ላንሴት የሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ፣ ዩናይትድ ኪንግደም ውስጥ በ17 ሆስፒታሎች የተሠራ ጥናት አለ፣ በላስቲክ ማሰርንና ወደ ኪንታሮቱ ደም የሚወስዱትን ስሮች ሰፍቶ መቋጠርን ያወዳደረ ነው። ሕመምህ ከ10 ስንት ነው ተብለው ሲጠየቁ በላስቲክ የታሰሩት በማግስቱ በአማካይ 3.4፣ በሳምንቱ 1.6 ነው ያሉት፣ ስሮቹ የተቋጠሩላቸው ደግሞ 4.6 እና 3.1፣ ሦስት ሳምንት ሲሞላ በሁለቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም። 3.4 የሚቻል ሕመም ነው፣ ሰው በፓራሲታሞል ያሳልፈዋል፣ ግን ዜሮ አይደለም፣ አማካይ ስለሆነም ከዛ በታች ያለም ከዛ በላይ ያለም ሰው አለ። ዜሮ ጠብቆ የሄደ ሰው ሦስት ሲያገኘው «አበላሹኝ» ይላል። አራትና አምስት ጠብቆ የሄደ ሰው ሦስት ሲያገኘው «ይሄ ምን አላት» ይላል። ሕመሙ ግን ያው አንድ ሕመም ነው።

እዛው ጥናት ላይ ሌላም መነገር ያለበት ነገር አለ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ በላስቲክ ከታሰሩት 49 በመቶው ኪንታሮቱ ተመልሶባቸዋል ወይ ድጋሚ ሕክምና አስፈልጓቸዋል፣ ስሮቹ ከተቋጠሩላቸው ግን 30 በመቶው ናቸው። ይሄ ማለት ላስቲኩ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፣ ቀላልና ርካሽ ስለሆነ ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ ሊደገም ይችላል፣ ሐኪሞቹም ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን ሁሉንም አያስሩም። ግን ከባቲ፣ ከኩታበር፣ ከሐይቅ ትራንስፖርት ከፍሎ ለመጣ ሰው «ሁለተኛ ልትመጣ ትችላለህ» ካልተባለ ሁለተኛው ቀጠሮ ማታለል ይመስለዋል፣ ተናዶ ይቀራል፣ ሕክምናው ግማሽ ላይ ይቋረጣል።

እርካታ እንዴት እንደሚጠየቅም ላንሳ። አንዳንድ ቦታ ስትወጣ «አገልግሎቱ እንዴት ነበር?» ተብለህ ትጠየቃለህ፣ የሚጠይቅህ ያከመህ ሰው ወይ አጠገቡ የቆመች ነርስ ናት። የኛን ሰው ታውቁታላችሁ፣ ወሎ ውስጥ ሰው እያቃሰተም ቢሆን እንዴት ነህ ሲባል «አልሃምዱሊላህ»፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው የሚለው፣ ባለሙያ ፊት ቆሞ «አልረካሁም» ማለት ነውር ነው። እናም ሁሉም ሰው ረክቷል ተብሎ ይጻፋል። በዛ ላይ ከበሩ ሳይወጣ ሕመሙ ገና አልጀመረም እኮ! መጠየቅ ያለበት በሦስተኛው ቀን በስልክ ነው፣ ከቻሉ ደግሞ በሳምንቱ። ከ10 ስንት ነው የሚለው ቁጥር ደግሞ ለብዙ ሰው ግር ይላል፣ አንድ አዛውንት «አሥሩ ምኑ ነው?» ብለው ጠይቀውኛል፣ ስለዚህ በኑሮ ጠይቁት፣ ትናንት ማታ ተኝተሃል ወይ? ቁጭ ብለህ በልተሃል? ሽንት ቤት ስትገባ እንዴት ነበር? ሥራ ገብተሃል ወይስ ቀርተሃል? ደም አይተሃል? እነዚህን ጠይቆ የሚጽፍ ክሊኒክ በጥቂት ወራት ውስጥ የራሱን ታካሚዎች በደንብ ያውቃቸዋል፣ ለሚቀጥለው ታካሚም «እኛ ጋ ከታከሙት ብዙዎቹ በዚህ ቀን ሥራ ይገባሉ» ብሎ በእውነት መናገር ይችላል።

አሁን የራሴን ሙያ ልናገር፣ መድኃኒቱን። ማዘዣው ላይ ብዙ ጊዜ የማየው ወይ ምንም ማስታገሻ አለመኖሩን ነው ወይ ደግሞ ዝም ብሎ ትራማዶል የሚባለው ጠንካራ ማስታገሻ ነው። ትራማዶል ሆድ ያደርቃል። ኪንታሮት የታከመ ሰውን ሆዱን አድርቆ መላክ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ድንጋይ የሆነ ሰገራ ይመጣል፣ ከሕክምናው በላይ የሚያሰቃየው እሱ ይሆናል፣ ሹፌር ከሆነ ደግሞ ያፈዘዋል ያስተኛዋል። ግድ ካስፈለገ እንኳን አብሮ የሰገራ ማለስለሻ መታዘዝ አለበት፣ ላክቱሎዝ ሲረፕ ዓይነት። ለአብዛኛው በላስቲክ ለታሰረ ሰው ፓራሲታሞል ይበቃል፣ ባለ 500 ሚሊግራሙን ሁለት ፍሬ በየስድስት ሰዓቱ፣ ጉበቱ ጤነኛ ለሆነ አዋቂ በ24 ሰዓት ከስምንት ፍሬ ሳያልፍ፣ ዋናው ነገር ደግሞ ሕመሙ እስኪጠና ሳይጠብቁ የመጀመሪያውን ቀን በሰዓቱ መውሰድ ነው፣ ብዙ ሰው እስኪያለቅስ ታግሶ ነው የሚውጠው። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም ይሠራሉ ግን ጨጓራና ኩላሊት ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርም፣ ዝም ብላችሁ አትውሰዱ። አስፕሪን ወይም ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ሰዎች ከመታሰራችሁ በፊት ለሐኪሙ ንገሩት፣ ካልነገራችሁት ላስቲኩ ሲወድቅ የሚመጣው ደም ላይቆም ይችላል፣ በራሳችሁ ግን አታቋርጡት። ቅባቱን በተመለከተ፣ ስቴሮይድ የሚባለው እብጠት መቀነሻ ያለበትን ቅባት ወር ሙሉ የሚቀቡ ሰዎች አሉ፣ ከአንድ ሳምንት በላይ አይቀባም፣ ቆዳውን ያሳሳዋል።

ከመድኃኒቱ የማይተናነሰው ለብ ያለ ውሃ ነው። ንጹህ ሳፋ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ መቀመጥ፣ በቀን ሁለት ሦስቴ፣ በተለይ ከሽንት ቤት በኋላ፣ ጨውም ዲቶልም ምንም አይጨመርበት። የተጨመቀውን ጡንቻ ያላላዋል፣ ሰዎች ሲሞክሩት በጣም ይወዱታል። ምግቡ ደግሞ ቤታችን ያለው ነው፣ ጎመኑ፣ ምስሩ፣ ሽሮው፣ የገብስ ቅንጬው፣ ተልባው፣ ከበቂ ውሃ ጋር። አሰር (ፋይበር) ያለው ምግብ የሚያዘወትሩ ሰዎች የመድማቱ ነገር ወደ ግማሽ እንደሚቀንስላቸው ብዙ ጥናቶች ተደምረው አሳይተዋል። በረመዳን የሚታከም ሰው ከኢፍጣር እስከ ሱሁር ውሃውን ካልጠጣ ግን ይቸገራል። አዛውንቶች በተደጋጋሚ የሚጠይቁኝ «ሱጁድ ስወርድ ላስቲኩ ይበጠሳል ወይ?» ብለው ነው፣ አይበጠስም፣ ከባድ ነገር ማንሳትና ማማጥ ነው የሚከለከለው። ይሄን ጥያቄ ክሊኒክ ውስጥ ለመጠየቅ አፍረው ፋርማሲ መጥተው መጠየቃቸው ራሱ ያሳዝነኛል።

ስለ ማፈር ካነሳሁ፣ ስለ ሴቶቹ። ከወሊድ በኋላ ኪንታሮት የያዛቸው ብዙ እህቶች አሉ፣ የሚመርጡት ሴት ባለሙያ ነው፣ ሴት ሐኪም ባይኖር እንኳን ሴት ነርስ አጠገባቸው እንድትቆም፣ መጋረጃው እንዲዘጋ፣ በሩ በየደቂቃው እንዳይከፈት፣ የማያስፈልገው የሰውነት ክፍል እንዲሸፈን ነው የሚፈልጉት። አንዷ «ሕመሙን ረስቼዋለሁ፣ ሦስት ሰው እየገባ መውጣቱን ግን አልረሳውም» ብላኛለች። ይሄ ብር አይጠይቅም፣ መሣሪያም አይጠይቅም።

መንገዱም አለ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፣ ግን ሐረጎን መውረድ አለበት፣ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል፣ ጥምዝምዝ ነው። ገና ከታሰረ አንድ ሰዓት ያልሞላው ሰው ሚኒባስ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ፣ ከጎማው በላይ ተቀምጦ፣ አራት ሰው በታጨቀበት ሲወርድ አስቡት፣ ከላይ እንዳልኩት አንዳንዱን ያዞረዋል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ራሱን የሚስትም አለ። ክሊኒኩ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል አረፍ ብሎ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ማስታገሻውን ወስዶ ቢነሳ፣ ሰው ይዞ ቢመጣ፣ ራሱ ባይነዳ፣ ከተቻለም የፊት ወንበር ቢይዝ ብዙ ይቀልለታል። ቀጠሮ ሲሰጠው «ብቻህን አትምጣ» የሚለው ሰው ግን የለም።

ኦፕራሲዮን የተሠሩትን ከነዚህ ለይቼ ማንሳት አለብኝ፣ ምክንያቱም ሰው አንድ ላይ ጨፍልቆ ነው የሚያወራው። የገፋ ኪንታሮት፣ አራተኛ ደረጃው ወይም ከውጭ ያለው ትልቁ፣ በላስቲክ አይሆንም፣ ተቆርጦ ነው የሚወጣው፣ እ.ኤ.አ. በ1937 ሚሊጋንና ሞርጋን የጻፉት የቀዶ ሕክምና ዓይነት እስከ ዛሬ ይሠራበታል። እሱ ቁስሉ ከመስመሩ በታች ስለሚደርስ ከባድ ሕመም አለው፣ አንድ ሁለት ሳምንት ይቆያል፣ የመጀመሪያው ሽንት ቤት የገቡበት ቀን በጣም ይከብዳል፣ ጠንከር ያለ ማስታገሻና ማለስለሻ ከመጀመሪያው ቀን ያስፈልገዋል፣ ግን ብዙ ጊዜ ዘላቂ ነው። እንግዲህ እሱን የተሠራ ሰው ስቃዩን ሲያወራ በላስቲክ ሊታሰር የነበረው ሰው ይሰማና ይቀራል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ካከመህ ሰው «ለኔ የሚሠራው የትኛው ነው?» ብለህ ጠይቅ።

አደገኛውን ነገር ሳልጽፍ ብቀር ሙያዬን መካድ ነው። ላስቲኩ ሲወድቅ ትንሽ ደም ማየት ያለ ነገር ነው፣ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ሊታይ ይችላል። ግን ደሙ የማይቆም ወይም እየረጋ የሚወጣ ከሆነ፣ ሕመሙ በመቀነስ ፈንታ በየቀኑ እየጨመረ ከሄደ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለህ፣ ሽንትህ አልወጣ ካለህ፣ ማታም ይሁን በዓልም ይሁን ሆስፒታል ሂድ፣ ቀጠሮዬ ሳምንት ነው ብለህ አትቀመጥ። ትኩሳት፣ የሚጨምር ሕመምና የሽንት እምቢ ማለት በጣም አልፎ አልፎ የሚመጣ ግን ሰው የሚገድል ኢንፌክሽን ምልክት ነው። ደሴ ትልቁ ሆስፒታል ቅርባችን ነው፣ ድንገተኛ ክፍሉ 24 ሰዓት አለ። ሌላው፣ ደም ሁሉ ኪንታሮት አይደለም፣ በተለይ እድሜው የገፋ፣ ያለ ምክንያት የከሳ፣ የሰገራው ልማድ የተቀየረበት፣ ቤተሰቡ ውስጥ የአንጀት ካንሰር የነበረ ሰው ሳይመረመር ላስቲክም ቅባትም ለሱ አይደለም።

ይሄን ሁሉ የምለው የሚፎካከረንን ስለማውቀው ነው። የመብራት ምሰሶ ላይ «ኪንታሮት ከነሥሩ እንነቅላለን» ተብሎ የተለጠፈውን ሁላችሁም አይታችሁታል። የባህል መድኃኒት ሁሉ መጥፎ ነው አላልኩም፣ ተልባውንም እኔው ራሴ ነኝ የምመክረው። ግን ምን እንደሆነ የማይታወቅ የሚያቃጥል ነገር ፊንጢጣ ላይ ተቀብቶላቸው ቆዳቸው ተልጦ፣ ቁስሉ ሲድን ጠቦ ሰገራ በስቃይ የሚወጣላቸው፣ ጡንቻው ተጎድቶ መቆጣጠር ያቃታቸው ሰዎች መጥተው አልቅሰውብኛል፣ ከነሱ ውስጥ ከሐኪም የቀሩት ብዙዎቹ «ሕክምናው ስቃይ ነው ብለውኝ» ነው ያሉኝ። ባህላዊው ሰውዬ ደግሞ አንድ የሚበልጠን ነገር አለ፣ ቁጭ አድርጎ ያወራቸዋል፣ ቡና ያጠጣቸዋል፣ «አብሽር፣ ሦስት ቀን ያቃጥልሃል ከዛ ይተውሃል» ይላቸዋል፣ ስልኩን ይሰጣቸዋል። የተማረው ባለሙያ በተሻለ ሕክምና ይሄን ብቻ ቢያደርግ ሰው ወደዛ አይሄድም ነበር።

የምጠይቀው እንግዲህ ብዙ አይደለም። ደሴም ኮምቦልቻም ኪንታሮት የሚያክሙ ክሊኒኮችና ሆስፒታሎች አንድ ገጽ ወረቀት በአማርኛ ያዘጋጁ፣ ምን እንደተሠራ፣ ዛሬ ማታ ምን እንደሚሰማ፣ ምን እንደሚዋጥ፣ መቼ እንደሚደወልና ወዴት እንደሚደወል የሚል፣ ማንበብ ለማይችል ደግሞ አብሮት ለመጣው ሰው ይነበብለት። በሦስተኛው ቀን አንድ ሰው ይደውልለት። ማስታወቂያቸው ላይ «ያለ ምንም ሕመም» የሚለውን ያውጡት፣ «የሚቻል ሕመም አለው፣ በአብዛኛው በሁለት ሦስት ቀን ይቀንሳል» ብለው ይጻፉ፣ ሰው አይሸሽም፣ እንዲያውም ያምናቸዋል። እናንተም የጤና አምድ ስላላችሁ አንድ ሰርጀን ጋብዛችሁ ብታናግሩት፣ ከታከሙትም ሰዎች ስማቸው ሳይጠቀስ ብትጠይቁ ለብዙ ሰው ትደርሳላችሁ።

እኔ በበኩሌ ለደንበኞቻችን የምሰጣትን ረቂቅ ወረቀት ጽፌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ። ቦታ ካላችሁ አትሙት፣ ከማተማችሁ በፊት ግን የቀዶ ሕክምና ባለሙያ አይቶ የሚታረመውን ያርምልኝ፣ የተስተካከለውን ብትልኩልኝ ፎቶ ኮፒ አድርጌ አካባቢዬ ላሉ ፋርማሲዎች ሁሉ አዳርሳለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ፋርማሲስት፣ ከኮምቦልቻ